ለእሱ በረዶ፣ ለእሷ እሳት

አባቴ ሲነዳት የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከታች ተጋድማ ትተኛለች። አክስቴ ስትነዳት ደግሞ ቀዩ መስመር ላይ ወጥታ ትቆማለች። መኪናዋ ያችው አንዷ ናት። ልጅ ሳለሁ ለዚህ ነገር ያገኘሁለት ማብራሪያ፣ መኪናዋ ሰው ትለያለች፣ ሁለቱንም ግን አትወድም የሚል ነበር።

ከአያቴ የቀረች አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበረች። ቀለሟ የደረቀ ጭቃ ይመስላል። ጠዋት ስትነሳ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ብዙ ታንገራግራለች፤ አንዴ ከተነሳች ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አያቴ ሲሞቱ ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለአባቴና ለታላቅ እህቱ፣ በጋራ ተዉላቸው። በሳምንቱ መጀመሪያ አባቴ ይነዳታል፣ ወደ መጨረሻው አክስቴ። ማደሪያዋ የእኛ ግቢ ነው፤ ቁልፏ ኩሽናችን ውስጥ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል።

ችግሩ ሁለቱ አይነጋገሩም።

አይነጋገሩም ስል አይገናኙም ማለቴ አይደለም። አክስቴ ቁልፍ ልትወስድ ወይም ልትመልስ ስትመጣ ሳሎን ገብታ ትቀመጣለች። አባቴም ከፊት ለፊቷ ይቀመጣል። እናቴ መሀል ላይ።

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» ትላለች አክስቴ፣ ዓይኗን መጋረጃው ላይ ተክላ። «መኪናዋ ዳገቱ ላይ ትፈላለች። እሱ ጋ ስትውል ምን እንደሚያደርጋት እንጃ።»

እናቴ ወደ አባቴ ዞር ትላለች። «እትዬ ዳገቱ ላይ ሞቃ አስቸገረችኝ ነው የሚሉት። አንተንስ እንዴት አድርጋህ ከረመች እያሉ ነው።»

«ንገሪያት» ይላል አባቴ ለወለሉ። «እኔ ጋ በረዶ ናት። ማሞቂያውን ስከፍተው ብርድ ይተፋብኛል። የምትፈላው እሷ ማርሽ መቀየር ስለምትሰንፍ ነው።»

«እሱ ጋ ደግሞ ትበርዳለች እትዬ፣ ሳሉ ብሶበታል። ያችን ዳገት ቀስ ብለው ይውጧት፣ አደራ ይላል።»

እኔ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ስሰማ፣ ሰዎች ሲያድጉ ከእህት ወንድሞቻቸው ጋር በተለያየ ቋንቋ መናገር ይጀምራሉ፣ እናቴም ሁለቱንም ቋንቋ የምትችል ሰው ናት ብዬ አምን ነበር። ቃላቱን እኔም እሰማቸዋለሁ፤ ግን እናቴ ስትደግማቸው ሌላ ስለሚሆኑ የተሳሳትኩት እኔ ይመስለኛል። አክስቴ «እንዴት አድርጋህ ከረመች» ብላ እንደማታውቅ፣ አባቴም «አደራ» የሚል ቃል ከአፉ እንዳልወጣ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ከራሷ እያወጣች ስታካፍላቸው ኖራለች።

ጠባቸው የጀመረው አያቴ የሞቱ ዕለት ነው። አክስቴ የምትኖረው ከዳገቱ ማዶ ነበር። አባቴ እሷን ይዞ ወደ ሆስፒታል ሊመለስ ሲሄድ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ፈላችበት። እስክትበርድ ቆሞ ጠበቀ። ሁለቱ ሆስፒታል ሲደርሱ አልጋው ተነጥፎ ነበር። አክስቴ ለቀስተኛ በተቀመጠበት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባቴ ሲሞት ወንድሜ መኪና ያበርድ ነበር» አለች። አባቴ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው እናቴ አለች።

አባቴ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ የፓምፕ ተቆጣጣሪ ነበር። ለእሱ የዓለም ችግር ሁሉ አንድ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ መንገድ የዘጋ ነገር አለ። ለቧንቧም፣ ለቢሮክራሲም፣ ለሆድ ድርቀትም መፍትሔው የዘጋውን ማንሳት ነው። አክስቴ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ለእሷ ሰው የሚታመመው በደንብ ስላልለበሰ ነው። እኔን ባየች ቁጥር ሹራቤን ወደ ታች ትጎትታለች። አሁን ሳስበው ለዚያች መኪና ከእነዚህ ከሁለቱ የባሰ ወራሽ አልነበረም።

ለቅሶው ካለፈ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ጠዋት፣ አክስቴ ቁልፍ ልትወስድ ከመምጣቷ በፊት፣ ጥርሴን እየፋቅሁ በመስኮት ወደ ግቢው አየሁ። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ወገቡ ድረስ ገብቷል። ከሥር ሳፋ አስቀምጦ ውሃ ያንጠባጥባል። ቡሎኖች ፈታ፤ ከዚያ እጁን አስገብቶ አንድ ነገር አወጣ። የእንቁላል ያህል ነው። የነሐስ ቀለም አለው፣ ወገቡ ላይ ጥቅል ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። አባቴ ግራና ቀኝ አየና በመሀረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«ከእንግዲህ እዚያ ዳገት ላይ የሚቆም የለም» ሲል ሰማሁት። አይጥ ወጥመድ ሲያጠምድ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «አንተ» አለኝ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። በተለይ ለአክስትህ።»

ከቁርስ በኋላ ያን ነገር ከመስታወቱ በላይ ባለው የመላጫ ሳጥኑ ውስጥ ሲያስገባው አየሁ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከሰውነት መሀል በቁልፍ ተፈትቶ የሚወጣ፣ የሚንጠባጠብ፣ በድብቅ የሚያዝ ነገር ልብ ካልሆነ ምን ይሆናል? አባቴ አክስቴን ለመጉዳት የመኪናዋን ልብ ሰርቋል።

ለእናቴ ልነግራት ሞከርኩ። «እማ፣ አባዬ የመኪናዋን ልብ ሰረቀ።»

«የእኔንም ሰርቆ ነው እዚህ ያስቀረኝ» አለች፣ ከድስቱ ቀና ሳትል። «ሂድ እጅህን ታጠብ።»

አባቴን እንዳልጠላው ያዳነኝ አክስቴም ያው መሆኗ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናዋን ልትመልስ የመጣች ዕለት፣ «ዕቃ ረሳሁ» ብላ ከሳሎን ተነስታ ወደ ግቢ ወጣች። እኔ ቧንቧው ጋ ነበርኩ። ከጨርቅ ቦርሳዋ ውስጥ ጠፍጣፋ ካርቶን አወጣች። ዝም ብሎ ካርቶን ግን አይደለም። ጠርዙ በሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ዙሪያውን ተሰፍቷል፤ አራቱም ማዕዘን ላይ ማሰሪያ ክር አለው። ኮፈኑን ከፈተች፣ ካርቶኑን ከፊት ካለው ፍርግርግና ከራዲያተሩ መሀል አንሸራትታ አስገባች፣ ክሮቹን እንደ ሕፃን ኮፍያ አሰረቻቸው።

በዚያ ፍርግርግ አየር ገብቶ ሞተሩን እንደሚያቀዘቅዝ አባቴ ነግሮኛል። ስለዚህ አፍንጫዋ ነው።

«አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ደነገጠች። «ምንም። ግማሹን ብቻ ነው» አለች። ለአክስቴ የምንም ነገር ግማሽ አይቆጠርም፤ ግማሽ ዳቦ እንዳልበሉት ነው፣ ግማሽ ውሸትም እንዳልዋሹት። ሹራቤን ወደ ታች ጎተተች። «አባትህ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይስላል?»

«አዎ። በጣም።»

«እንግዲያውስ» አለችና ኮፈኑን ዘጋች። «እንዳትነግረው።»

ይስላል ወይ ያለችኝ መርዟ መሥራቱን ለማወቅ ነው አልኩ በልቤ። አንዱ ልብ ያወጣል፣ አንዷ አፍንጫ ታፍናለች፤ ሁለቱም አትናገር ይሉኛል፣ ሁለቱም ከረሜላ ይገዙልኛል። ለማን እንደማደላ ግራ ገባኝ።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ አክስቴ ቤቷ ልታሳድረኝ ወሰደችኝ። የኋላ ወንበሩ እስከ ጣሪያው ድረስ የዩኒፎርም ጨርቅ ተጭኖበታል። ዳገቱን ስንጀምር መርፌዋ መሀል ላይ ነበረች። ወዲያው ተነስታ መውጣት ጀመረች። አክስቴ መንገዱን ትታ መርፌዋን ታያለች። «ተመለሺ» ትላታለች፣ «ተመለሺ አንቺ።» አልተመለሰችም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ የተቀቀለ ብረት የሚመስል ሽታ መኪናዋን ሞላት። አክስቴ ዳር ይዛ አቆመች።

ወርደን ከጨርቁ ጥቅል አንዱን መንገድ ዳር አንጥፈን ተቀመጥን። የራዲያተሩን ክዳን ልትከፍት ብትነሳ፣ «አባዬ ሳይበርድ ከተከፈተ ፊት ያቃጥላል ብሏል» አልኳት። ተመልሳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ በመዳፏ ጀርባ ኮፈኑን ነካች፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚነካው። ተመለሰች። ሰዓቷን አየች። ደግሞ ነካች።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አጠገባችን ቀዝቀዝ አደረገ። «እናት፣ ውሃ ጎደለሽ?»

«ውሃ ሞልቷል። የጎደለኝ ትዕግሥት ነው።»

«እሱን አልጫንኩም» ብሎ ሄደ።

ፀሐይዋ ዞረች። አክስቴ እንደገና ተነስታ ነካች፤ እጇን ፈጥና ሳበች። ተመልሳ እየተቀመጠች «ለካ ይህን ያህል ነው» አለች።

«ምኑ?»

«መጠበቁ።» አንገቷ ላይ በተንጠለጠለው የልብስ መለኪያ ሜትር ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ናፍጣው ነው፣ ዓይን ያቃጥላል።»

የራሷ ወጥመድ ይዟት ነው የምታለቅሰው ብዬ ደምድሜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ያች መታጠፊያ አያቴ የሞቱ ዕለት አባቴ የቆመባት መታጠፊያ መሆኗን አላውቅም ነበር። እሱ እዚያች ቦታ ላይ የቆመውን ያህል ቆማ፣ በመዳፏ ጀርባ እየለካች እንደነበርም አላወቅሁም። ይህን ሁሉ ካወቀች በኋላ ቤታችን መጥታ ምን አለች?

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ትሸጥ።»

ሰው እንደዚህ ነው። ይቅርታ ከጉሮሮው አልወጣ ሲለው መኪና ይሸጣል።

«ንገሪያት» አለ አባቴ። «ገዢ ዛሬ ካመጣች ዛሬ እፈርማለሁ። ብርዱ ሳንባዬን ጨረሰው።»

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትተረጉም ተነስታ ወጣች። ኩሽና ተከትያት ብገባ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ በጡጫዋ ጨብጣዋለች። «ይህች ቆርቆሮ ከተሸጠች» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለምጣዱ ክዳን እንጃ፣ «እነዚህ ሁለቱ ከእንግዲህ የሚገናኙት አንዳቸው ሲሞቱ ነው።» ከዚያ ስልክ አንስታ መካኒኩን ጠራችው።

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በቀስ» ይለዋል፤ ስለምንም ነገር ሲጠየቅ መልሱ እሱ ነው። በማግስቱ መጣ። እሱ ከመድረሱ በፊት አክስቴ ፈጥና ካርቶኗን ፈታች፣ ከኋላ ወንበር ሥር ስትከተውም አየኋት። የወንጀሉ መሣሪያ ተደበቀ አልኩ።

ቀስ በቀስ ሥራውን ጀመረ። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልላላም። የውሃ ፓምፑን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳና ውሃው አረፋ ያወጣ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አየ። «ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰንጥቆ ቢሆን ይንተከተክ ነበር» አለ። «ደህና ነው። እሺ፣ መቼ መቼ ነው የምትሞቀው?»

«ሁልጊዜ» አለች አክስቴ።

«ንገሪው» አለ አባቴ ለእናቴ፣ «ሞቃ አታውቅም በይው።»

ቀስ በቀስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያቸው። «ቆይ፣ እኔንም በአስተርጓሚ ነው የምታናግሩኝ? መኪና እኮ ወይ ትሞቃለች ወይ ትበርዳለች። ሁለቱንም የምትሆን ከሆነ የደበቀኝ ሰው አለ። አባታችሁ የሞቱ ሰሞን ቺንጊያውንም ቴርሞስታቱንም አዲስ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የነካ አለ?»

አባቴ ጫማውን አየ።

«ራዲያተሩንስ የሸፈነ?»

አክስቴ የልብስ ማስጫውን ገመድ አየች።

«እንግዲያው ቴስታታውን ላወርደው ነው» አለ ቀስ በቀስ፣ ትከሻውን ጥሎ። «እዚያ ከደረስን ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሽጧት።»

እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እናቴ ቀን ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። የማደርገው ሲጠፋኝ የማውቀውን ተናገርኩ።

«አባዬ ልቧን አውጥቶ መላጫው ሳጥን ውስጥ ደብቋል» አልኩ። «አክስቴ ደግሞ አፍንጫዋን በካርቶን አፍናታለች። ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው።»

ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ወንበር ሄዶ ካርቶኑን ይዞ መጣ። እኔ ሮጬ ሳጥኑን አመጣሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሞተሩ ጠርዝ ላይ አስቀመጣቸው። ካርቶኑን አገላብጦ አየው፤ ስፌቱን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። «ስንት ዓመት ሠራሁ» አለ፣ «ዘርፍ ያለው ካርቶን አይቼ አላውቅም።» ከዚያ ከመላጫው ሳጥን የወጣውን አነሳ። «ይህ ቴርሞስታቱ ነው፣ በረኛው። ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን እዚያው ውስጥ ያዞረዋል፣ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ ይሰደዋል፣ አቋራጩን ይዘጋል። በረኛውን ስታባርረው በሩ ሁሉ ክፍት ነው። ሜዳ ላይ አትሞቅም። ዳገት ላይ ደግሞ ግማሹ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ሞቆ ይመለሳል። ያኔ አፍንጫዋን ጨምረህ ስትሸፍን...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም።

አባቴ ካርቶኑን ያያል። አክስቴ በረኛውን ታያለች። እኔ ጠቡ እንዲጀመር እጠብቃለሁ።

«ለምን አወጣው? ጠይቂው» አለች አክስቴ።

እናቴ ፊቷን ከእጇ አላወጣችም። ጥያቄው ግቢው መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። አክስቴ ጠበቀች፤ ሌላ ሰው ስታጣ ዞረች።

«ለምን አወጣኸው?»

አባቴ መጀመሪያ ለመሬቱ፣ ቀጥሎ ለእሷ መለሰ። «ዳገቱ ላይ እንዳትቆሚ ነዋ። እኔ እንደቆምኩት። ውሃውን የሚዘጋው እሱ ነው ብዬ ነው።»

«ውሃ የእኔ ሥራ ነው ስትል አልነበር እንዴ? ውሃህ ይኸው።»

«አንቺስ? ለሞተር ልብስ ይሰፋል?»

«ትስላለህ። ሚስትህ ሳሉ ብሶበታል አለችኝ። ትንሽ ሙቀት ካገኘህ ብዬ ነው። ደግሞም ግማሹን ነው የሸፈንኩት።»

«ግማሽ። ይኸው እሷ ሁልጊዜ ግማሽ ናት።»

የአክስቴ ድምፅ ወረደ። «ቆሜ አየሁት እኮ» አለች። «እዚያው መታጠፊያው ላይ። አይበርድም። አሁንም ትነካዋለህ፣ ደግሞ ትነካዋለህ፣ አይበርድም።»

«እትዬ» አለ አባቴ። ይህን ቃል ከአያቴ ሞት ወዲህ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «አይበርድም።»

«አይበርድም» አለች።

ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ሞተሩ መልሶ ቡሎን የሚፈታ መሰለ፤ የሚፈታ ቡሎን ግን አልነበረም። «ያን ዕለት ያፈላት የላላች ቺንጊያ ነበረች» አለ ለራሱ ያህል። «በሳምንቱ ቀይሬያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ስጠግን የኖርኩት እናንተን ነው። የፈላ ውሃ በድስት አምጡልኝ፣ ይህ በረኛ መሥራቱን ሳላይ አልመልሰውም።»

እናቴ ውሃውን አምጥታ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ቀስ በቀስ በረኛውን በሽቦ አንጠልጥሎ ድስቱ ውስጥ ከተተው፤ ሲሞቅ ሲከፈት ለማየት ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ዛሬም ድረስ መኪናዋ ያ ግቢ ውስጥ አለች፤ እኔም ትልቅ ሰው ሆኜ አንዳንዴ እነዳታለሁ፤ መርፌዋ መሀል ላይ ትቆማለች፣ ሁለቱ ግን የመሀሉ መሀል የት እንደሆነ እስካሁን አልተስማሙም። ያን ዕለት የገባኝ ይህ ሁሉ አልነበረም። የገባኝ ጠቡ በመጨረሻ መጀመሩ ነው።

እናቴ ኩሽና ገብታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ።

«እየተጣሉ ነው። አባዬ ተከፈተ ይላል፣ አክስቴ አልተከፈተም፣ ዓይንህ ነው ትለዋለች።»

ቀና አለች። «በማን በኩል?»

«በማንም። በራሳቸው አፍ።»

እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«በሩን ክፈተው» አለችኝ። «ልስማቸው።»